ያበደረው ተበደረ

እንግሊዝኛ አውቃለሁ ብዬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አታውቅም ያለኝም ሰው አልነበረም። መዘዙ የመጣው ከዚህ ዝምታ ነው።

ሆሳዕና የሄድኩት ለሁለት ሳምንት ነበር። ጓደኛዬ ከመናኸሪያው ብዙ ሳይርቅ የኮምፒውተር ጽሑፍና የፎቶ ኮፒ ቤት ከፍቶ «ና እስቲ፣ ሥራው እስኪለመድ አግዘኝ» አለኝ። ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በቡታጅራ በወራቤ አድርጌ ከሰዓት በኋላ ገባሁ። ሁለቱ ሳምንት አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ስንቱን ሰው እንዳሳሳትኩ ፈጣሪ ይቁጠረው፤ እኔ የማስታውሰውን ልናዘዝ።

መጀመሪያ የተጣላሁት ከአንድ ፊደል ጋር ነው። ከእኛ ትይዩ ደብተርና እስክሪብቶ የሚሸጥ ሱቅ አለ። ታፔላው ላይ በሰማያዊ ቀለም፣ በእንግሊዝኛ «ስቴሽነሪ» ተብሎ ተጽፏል። ሲነበብ ልክ ነው። ሲታይ ግን መጨረሻው ላይ «ኢ» መግባት ሲገባት «ኤ» ገብታለች። እንግሊዞች እነዚህን ሁለት ቃላት በአንድ ድምፅ ይጠሩና በጽሑፍ ይለያዩአቸዋል፤ በ«ኢ» የተጻፈው የጽሕፈት ዕቃ ነው፣ በ«ኤ» የተጻፈው ደግሞ ካለበት ንቅንቅ የማይል፣ የቆመ ነገር። ይህ ሁሉ የሆነው ሆሳዕና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከመሆኗ በፊት ነው። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ታፔላው ስለበዛ ዛሬ ቢሆን ኖሮ ጠቤ ከአንድ ሱቅ ጋር ብቻ ባልሆነ ነበር።

መንገዱን ተሻግሬ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ታፔላዎ ተሳስቷል።»

«ምን ይላል?»

«የቆመ፣ የማይንቀሳቀስ ነው የሚለው።»

ቀና ብለው ታፔላውን አዩ። ዞረው ሱቁን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ታዲያ ሱቄ ይሄዳል እንዴ?»

መልስ አልነበረኝም። ከወራት በኋላ ነገሩን ስመረምር ደግሞ ይብስ አፈርኩ። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ብዙው ነጋዴ ሸቀጡን ተሸክሞ እየዞረ ሲሸጥ፣ ዩኒቨርሲቲዎች አጠገብ ቋሚ መደብ ይዞ መጽሐፍ የሚሸጠው ሰው በላቲን «ስታሲዮናሪዩስ» ይባል ነበር፤ ባለ መደቡ፣ ቋሚው እንደ ማለት። የጽሕፈት ዕቃው ስሙን የወረሰው ከዚያ ሰው ነው። ሁለቱ ቃላት የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ፊደል የለያቸው ኋላ ነው። ጋሼ ዩኒቨርሲቲ ሳይገቡ የደረሱበትን እኔ በኢንተርኔት ካርድ ደረስኩበት። ታፔላው እስከ ዛሬ አልተቀየረም፤ ሱቁም አልሄደም።

ሁለተኛው መምህሬ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበር፤ የጓደኛዬ የእህት ልጅ። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጠረጴዛዬ ሥር ቁጭ ብሎ የወረቀት ካርቶኖች ላይ ያለውን ያነባል። አንድ ቀን «ቦጥ» ሲል ሰማሁት። ካርቶኑን ሳየው እንግሊዝኛው «ቦክስ» ነው። ሳቄን ለቀቅኩት። ልጁ ግን አልሳቀም። የአካባቢው ቋንቋ ሀዲይኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ በዚያ አጻጻፍ «ኤክስ» የምንላት ፊደል «ጥ» ሆና ነው የምትነበበው። ልጁ ደብተሩን ከፍቶ አንድ ቃል አሳየኝና «ይህን አንብብ» አለኝ። ኤክስ አለ፣ ዩ አለ፣ ኤም አለ። «ኤክስ... ኡማ» አልኩ። ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው በሙሉ፣ ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ የመጣው ፖሊስ ሳይቀር ሳቀ። ቃሉ «ጡማ» ነው፤ ጥሩ ማለት ነው። ጥሩ አልነበርኩም።

ልጁ በዚህ አልተመለሰም። እንግሊዝኛ ላይ በግና መርከብ በአናባቢ ርዝመት የሚለያዩ ሁለት ቃላት ናቸው፤ እኔ ግን ዕድሜ ልኬን ሁለቱንም «ሺፕ» እያልኩ በጉን ባሕር ላይ፣ መርከቡን ሜዳ ላይ ሳሰማራ ኖሬያለሁ። አማርኛ አናባቢ አያስረዝምም፤ የእኛ ጭንቅ መጥበቅና መላላት ነው። «ገና» ስል በዓሉ ይሁን ያልደረሰው ጊዜ፣ «ዋና» ስል ውኃው ይሁን አለቃው ጆሮዬ ይለያል። ሀዲይኛ ደግሞ አጭሩንና ረጅሙን አናባቢ በትርጉም የሚለይ ቋንቋ ነው። ስለዚህ ያ የአሥር ዓመት ልጅ በጉን በረጅሙ፣ መርከቡን በአጭሩ ጠርቶ አሰማኝ። እንድደግመው ጠየቀኝ። ደገምኩ። «ሁለቱም መርከብ ነው ያልከው» አለኝ በሐዘኔታ።

የከተማዋ ስም ራሱ፣ ካነሳነው አይቀር፣ ትርጉሙን ለውጦ የመጣ ቃል ነው። ሆሳዕና በዕብራይስጥ «እባክህ አድን» የሚል ጩኸት ነበር፤ ዘንባባ ይዘው ሲዘምሩት ምስጋና ሆነ። ከተማዋም ይህ ስም ሳይወጣላት በፊት ዋቸሞ ነበረች፤ የድሮ ስሟን አሁን ዩኒቨርሲቲው ይዞላታል።

ወደ ትልቁ ጣጣ ልምጣ። ሆሳዕና ውስጥ፣ ሾኔ ሂዱ፣ ዱራሜ ሂዱ፣ ደቡብ አፍሪካ ሰው የሌለው ቤት ማግኘት ይቸግራል። ከ1990ዎቹ ወዲህ ወጣቱ በሞያሌ አድርጎ፣ ኬንያን ታንዛኒያን ማላዊን እያቆራረጠ ወደዚያ ይወርዳል። ስለዚህ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤታችን ከሚመጣው ወረቀትና የስልክ መልእክት ብዙው ከጆሃንስበርግ የመጣ ነው። እንግሊዝኛ የገባበት እንደሆነ ወደ እኔ ይመራል። እኔም አላሳፍርም፤ እተረጉማለሁ።

አንድ ጠዋት አንዲት እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ልጃቸው ሌሊት በሰው ስልክ ደውሎ «ሮቦቱ ጋ ስልኬን ነጠቁኝ» ብሏቸዋል።

«የኔ ልጅ፣ አንተ የተማርክ ነህ፤ ሮቦት ምንድን ነው?»

ብዬ ብዬ እዚህ ልፈር? ሮቦት ማለት ሰው የሚመስል፣ የሚንቀሳቀስ የብረት ማሽን መሆኑን፣ ደቡብ አፍሪካ የሠለጠነ አገር እንደሆነ፣ ምናልባት ለጥበቃ አቁመውት ሊሆን እንደሚችል በዝርዝር አስረዳሁ።

«ብረቱ ነው የነጠቀው?»

«አይ እናቴ፣ እሱ ቆሞ ሲያይ ነው ሌሎች የነጠቁት።»

«ቆሞ አየ! ምን ያድርግ፣ አንጀት የለው!» ብለው እንባቸውን ጠረጉ። በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ስለ ብረቱ ሰው ያወራ ነበር። ጸሎት እንደተያዘም ሰማሁ።

በሦስተኛው ቀን አንድ ሰው ገባ። አሥር ዓመት ያህል ጆሃንስበርግ ጄፒ በሚሉት የሐበሻ ገበያ ነግዶ የተመለሰ፣ አሁን የግንባታ ዕቃ የሚሸጥ። «የብረት ሰው አለ ብሎ ያስወራው ማን ነው?» አለ። ጓደኛዬ በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። ሰውየው ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ የሚናገረው እንዳያመልጠኝ ይመስላል።

ለካስ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሮቦት የትራፊክ መብራት ነው። በሌላው ዓለም ቃሉ እ.ኤ.አ. በ1920 ከወጣው የቼኩ ጸሐፊ የካሬል ቻፔክ ተውኔት ተነሥቶ ለብረት ሠራተኛ ስም ሆነ፤ እነሱ ዘንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ በትራፊክ ፖሊስ ፈንታ ለቆመው መብራት ወጣለትና በዚያው ቀረ። ቀይ ሲበራ መኪና ይቆማል፤ የቆመ መኪና መስኮት ይሰበራል፤ ስልክ ይሄዳል። ብረቱ ቆሞ ማየቱ ግን እውነት ነው፤ እዚያ ላይ ተሳስቻለሁ አልልም።

ሰውየው ከዚያ ወዲህ ጠላቴም ወዳጄም ሆነ። ሎኬሽን የሚለው ቃል ላይ ያዘኝ፤ እኔ «ሎኬሽን ላክልኝ» ሲባል የማውቀው በስልክ የሚላከውን ካርታ ነው። እዚያ ግን ሎኬሽን በአፓርታይድ ዘመን ጥቁሮች ለብቻቸው እንዲኖሩበት የተከለለ ሰፈር ነው፤ የእኛ ልጆች ብርድ ልብስና መጋረጃ ተሸክመው ቤት ለቤት በዱቤ የሚሸጡት እዚያ ነው። «ልጄ ሎኬሽን ይሠራል» ያሉኝን አባት «የትኛው ሎኬሽን?» እያልኩ ካርታ እንዲልኩ ያደከምኳቸው ለካ በከንቱ ነው።

ከዚያ «ጀስት ናው» መጣ። አንዲት ልጅ ወንድሟ የላከላትን መልእክት አሳየችኝ፤ ብር «ጀስት ናው» እልካለሁ ይላል። «አሁኑኑ ማለት ነው፣ ሩጪ ወደ ባንክ!» አልኳት። ሮጠች። ባንኩ እስኪዘጋ ተቀመጠች። በማግስቱም ተቀመጠች። ጥበቃው ሊያገባት ያሰበ እስኪመስል ድረስ ተላመዱ። የደቡብ አፍሪካው ሰው ይህን ሲሰማ ጭኑን መታ። እዚያ አገር «ጀስት ናው» ማለት ኋላ፣ ሲመች፣ አንድ ቀን ማለት ነው። ለቅርቡ «ናው ናው» ይላሉ። «ናው ናው ካለሽ ዛሬ ይገባል፤ ጀስት ናው ካለሽ ቆጮ ቀብረሽ ጠብቂ» አላት። ቆጮ ጉድጓድ ገብቶ ወራት እንደሚቆይ ለማያውቅ አንባቢ ልንገር፤ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይቆያል።

ስንስቅ ቆይተን ጓደኛዬ ሻይ ሊያመጣ ተነሣ። በሩ ላይ ሆኖ «መጣሁ!» አለ። ሰውየው አየኝ። እየሄደ መጣሁ የሚል ሕዝብ በማን ይስቃል?

ሁሉም ቃል ግን አያስቅም። ኮንቴይነር ለእኔ የቆርቆሮ ሱቅ ነበር፤ ካርድ የሚሸጥበት፣ ጫማ የሚጠገንበት። እኔ እዚያ ከመሄዴ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ መጋቢት 2012 ላይ፣ ሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት ውስጥ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኝተው ነበር። አንድ ጊዜ ለአንዲት ደንበኛ «ኮንቴይነሩ ጋ ጠብቂኝ» ስላት ፊቷ ተለወጠ። ጓደኛዬ ቀስ ብሎ «ሱቁ ጋ በል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሱቁ ጋ እላለሁ።

አሁን ወደ ዕዳው። አንድ ሽማግሌ፣ ባለ ባርኔጣ፣ ከከተማው ዳር የመጡ፣ ስልካቸውን ሰጡኝ። ልጃቸው ከጆሃንስበርግ የወረቀት ፎቶ ልኮላቸዋል፤ «ይህን አስተርጉሙና ለሽማግሌ ስጡ፣ ሁሉም ነገር እዚያ ላይ አለ» ብሎ ስልኩን ዘግቷል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሰው ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ፣ ቃሉን ሰጥቶ፣ ምሎ ማኅተም ያስመታል፤ አፊዴቪት ይባላል። ወረቀቱ እሱ ነው። ጉዳዩ ከአንድ የዱራሜ ልጅ ጋር፣ አብሮት ከሚነግድ ጓደኛው ጋር ነው። የሚለውም በአጭሩ «አይ ቦሮውድ ማይ ፍሬንድ 18 ሺህ ራንድ»።

ቦሮው መበደር ነው፤ ይህን ያልተማረ የለም። አንዲት «ከ» የምትሆን ቃል ብቻ ጎድላለች። ፖሊሱ ቸኩሎ ትቷት ይሆናል ብዬ በደግነት ጨመርኩለት። «ከጓደኛዬ 18 ሺህ ራንድ ተበድሬያለሁ» ብዬ በሚያምር ፊደል ጻፍኩ።

ሽማግሌው ሲነበብላቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ልጄ ነው የተበደረው?»

«ወረቀቱ እንዲህ ይላል አባባ።»

«ማኅተም አለው?»

«አለው።»

ወረቀቱን አራት አጠፉት። እኒህ ሰው ልጃቸው ባለ ዕዳ ሆኖ እንቅልፍ የሚወስዳቸው አልነበሩም። ወይፈን ሸጡ፤ ሁለት ሽማግሌ ይዘው፣ በአንጋጫ አድርገው ዱራሜ ወረዱ። የዚያኛውን ልጅ አባት «ልጃችን የልጃችሁን ገንዘብ ይዟል፤ ይህን ያህል አምጥተናል፤ ለቀረው ጊዜ ስጡን» ብለው ለመኑ። የዱራሜው አባት ግራ ገባቸው፤ ልጃቸው እንዲህ ያለ ሀብት እንዳለው አልሰሙም። ደወሉለት። ልጁ ትንሽ ዝም አለ፤ ከዚያ «እሺ አባዬ፣ ተቀበሏቸው» አለ አሉ። ያችን ትንሽ ዝምታ ሳስብ አሁንም እገረማለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት የሆሳዕናው ልጅ ስልኩን ከፈተ። በዚያኑ ቀን ሽማግሌው ፎቶ ኮፒ ቤቱ መጡ። ይጮኻሉ ብዬ ነበር። ቀስ ብለው ተቀመጡና ጠየቁኝ።

«መምህር፣ አበደረና ተበደረ በእንግሊዝኛ አንድ ነው?»

«አይደለም አባባ። የተለያየ ነው።»

«እንግዲያ አንተ ዘንድ ነው አንድ የሆነው።»

የአምሳሉ አክሊሉን መዝገበ ቃላት አወጣሁ። መዝገበ ቃላቱ ከእኔ ጋር ነው፤ ቦሮው ተበደረ፣ ሌንድ አበደረ። ሰዋስው ከእኔ ጋር ነው። ወይፈኑ ብቻ ከእኔ ጋር አልነበረም። ያን ጊዜ የደቡብ አፍሪካው ሰው፣ ማን እንደጠራው እንጃ፣ በር ላይ ቆሞ ነበር።

«እዚያ እኮ ‹ቦሮው ሚ› ማለት አበድረኝ ማለት ነው» አለ። «ቦሮውድ ሂም ካለ አበደረው ማለት ነው። መንገድ ላይ ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው።»

ምክንያቱን ኋላ አገኘሁት። አፍሪካንስ ውስጥ «ሊየን» የሚባል አንድ ግሥ ለሰጪውም ለተቀባዩም ያገለግላል፤ ጀርመንኛም «ላየን» ሲል እንዲሁ ነው። በዚያ ቋንቋ ያደገ ሰው እንግሊዝኛ ሲናገር ቦሮውን በሁለቱም በኩል ይጭነዋል፤ ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ ይለምደዋል። እንግሊዞቹም ቢሆኑ በዚህ የሚመጻደቁበት የለም፤ ቤት ያከራየውም የተከራየውም በአንድ «ሬንት» ሲግባቡ ኖረዋል። አማርኛ ነው ቀናተኛው። ገንዘብና እህል ከሆነ ተበደረ፣ የምትመልሰው አምሳያውን ነውና። ድስትና በቅሎ ከሆነ ተዋሰ፣ የምትመልሰው ራሱን ነውና። ቤት ከሆነ ተከራየ። ለእያንዳንዱ ደግሞ ሰጪው «አ»ን፣ ተቀባዩ «ተ»ን ይዞ ይቆማል፤ አንዲት ፊደል ናት ባለ ገንዘቡን ከባለ ዕዳው የምትለየው። እኔ እሷን ነው በወይፈን ያስቀየርኳቸው።

ሁለተኛው ጉዞ ላይ እኔም እንድኖር ተወሰነ። «ወረቀቱን ያጣመመው ያቅናው» አሉ ሽማግሌዎቹ። በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍረን ወጣን። መንገዱ ግራ ቀኙ እንሰት ነው፤ የማንም ፊት ግን አይፈታም። ወደ ዱራሜ ስንቃረብ አምበሪቾ ተራራ ታየ። አናቱ ድረስ የሚያወጣ 777 ደረጃ ተሠርቶለታል። ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ በጣታቸው እያሳዩኝ «ንስሐ ለመግባት ጥሩ ነው» አሉኝ። ቀልድ መሆኑን ለማወቅ ፊታቸውን አየሁ፤ አልታወቀኝም።

የዱራሜው አባት ቅን ሰው ናቸው። ገና ከመቀመጣችን ገንዘቡን በፎጣ ጠቅልለው አውጥተው ፊታችን አኖሩ፤ አንድ ብር አልነኩም። «ሲመጣልን ገርሞን ነበር፤ ልጄ ተቀበሉ ስላለኝ ነው» አሉ፤ አንገታቸውን ደፉ። ወረቀቱን አስቀርቤ እንደገና አነበብኩ። በዚህ ጊዜ «ለጓደኛዬ አበድሬዋለሁ» አልኩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «በዚያኛው ቀን ምን ነበር የሚለው?» ብለው ጠየቁ። ወረቀቱ አንድ መሆኑን ነገርኳቸው። «ወረቀቱስ አንድ ነው» አሉ።

ቆጮ ቀረበ፤ ከአይብና ከጎመን ጋር፣ ቅቤ የፈሰሰበት። በመሃል ለልጁ ተደወለና ስልኩ ድምፁ እንዲሰማ ተደርጎ መሶቡ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። አባትየው በከምባትኛ ተናገሩት፤ ቃሉ ባይገባኝም ቁጣው ገብቶኛል። ከወዲያ መንተባተብ ተሰማ። ከዚያ ሽማግሌው፣ ባለ ባርኔጣው፣ ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው በአማርኛ «ልጄ፣ ዕዳ መሆኑን አምነሃል። መቼ ነው የምትከፍለው?» አሉ።

ልጁ ጉሮሮውን ጠራረገ። ሰው ሲያፍር ቋንቋ ይለውጣል።

«ኖ ፕሮብሌም አባባ፣ ጀስት ናው እልካለሁ።»

ቤቱ ጸጥ አለ። አራት ሽማግሌና ሁለት አባት በአንድ ላይ ዞረው እኔን አዩኝ።

«መምህር፣ ምን ነው ያለው?»

ትልቅ ጉርሻ ቆጮ ጠቀለልኩና አፌ ውስጥ ከተትኩ።